የምራቴ ጥቅል ጎመኖች

ምራቴ ሰኩለንት ትላቸዋለች። እኔ ጥቅል ጎመን ነው የምላቸው። ቅጠላቸው እንደ ጽጌረዳ ክብ ሠርቶ የተነባበረ፣ ወፍራም፣ ውሃ የቋጠረ፣ የማይሸት፣ የማይበላ፣ አድጎም የማያውቅ ነገር ነው። ሃያ አራት ናቸው። የሳሎኑን መስኮት ከዳር እስከ ዳር ይዘውታል። በገዛ ልጄ ቤት ፀሐይ ልሙቅ ብል ከሃያ አራት ጎመን ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።

ጎመን ስላቸው ቆሽቷ እንደሚያር አውቃለሁ። ለዚያም ነው የምላቸው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆቴል ነው የሠራሁት። በአልጋ አንጣፊነት ገብቼ የሃውስኪፒንግ ኃላፊ ሆኜ ወጣሁ። ስድስት ፎቅ፣ መቶ አሥራ ስምንት ክፍል፣ በሥሬ አርባ ሴቶች። ሴቶቹ ከኋላዬ “ጣት” ነበር የሚሉኝ። አንድ ክፍል ተጠርጓል ሲሉኝ ገብቼ የቁም ሳጥኑን አናት በሌባ ጣቴ ጠረግ አደርግና ጣቴን አፍንጫቸው ሥር እደቅነዋለሁ። መናገር አያስፈልገኝም ነበር። ጣቴ ነጭ ሆኖ ከወጣ ያቺ ልጅ ምሳዋን ሳትበላ መልሳ ትጠርጋለች።

ያን ሁሉ ዘመን የመቶ አሥራ ስምንት ክፍል ቁልፍ ወገቤ ላይ ሲንቀጫቀጭ እኔ የራሴ ክፍል ኖሮኝ አያውቅም። በልጅነቴ ከአራት እህቶቼ ጋር፣ ካገባሁ በኋላ ከባሌና ከሁለት ልጆቼ ጋር በአንድ ክፍል ነው የኖርኩት። ባሌ ሞቶ፣ እኔም ጡረታ ወጥቼ ልጄ “እማዬ፣ እኛ ጋ ነይ” ሲለኝ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ በር ዘግቼ ከውስጥ የምቆልፍበት ክፍል ያገኘሁት። ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሦስት ማንጠልጠያ፣ አንድ መስኮት። የመጀመሪያውን ቀን በሩን ቆልፌ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ምንም ሳልሠራ አንድ ሰዓት ቆየሁ። በዚያች ክፍል የመጣብኝን አልምርም።

ምራቴ ፋርማሲስት ናት። እቤትም ፋርማሲስት ናት። እያንዳንዱ ሸክላ ላይ ትንሽ ወረቀት አለ፤ መቼ እንደተተከለ፣ መቼ ውሃ እንደጠጣ፣ መቼ እንደሚጠጣ ተጽፎበታል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ከየት ልወቅ? በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት አፈራቸው ደርቆ እንደ ብስኩት ሲፈረፈር አየሁና አዘንኩላቸው። ያኔ ሃያ ስድስት ነበሩ። ሁለቱን አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከአናታቸው ላይ አጠጣኋቸው፤ ሌሎቹን ልቀጥል ስል ስልክ ተደወለልኝና ተውኩት። በሳምንቱ ሁለቱ ከመሃላቸው ጠቁረው፣ ሲነኳቸው እንደ በሰበሰ ሙዝ ፈረጡ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ መስኮቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ “እባክዎ አይንኩብኝ”። “እባክዎ” የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ስለጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። ፎጣ የት እንደሚቀመጥ፣ ፍራሽ በስንት ወሩ እንደሚገለበጥ፣ ሳሙና በየትኛው እጅ እንደሚያዝ ሳይቀር ለጥፌያለሁ። ለእኔ ሲለጠፍልኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደሜ ፈላ። “ጎመኖችሽ ላይ ደግሞ ዘበኛ ቅጠሪላቸው” አልኳት።

“ዘበኛው ወረቀቱ ነው፣ እማማ” አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይንና ናጫ ሆንን።

እኔ ያጠብኩትን ሳህን መልሳ ታጥባለች። እሷ ያነጠፈችውን የሶፋ ልብስ እኔ መልሼ አነጥፋለሁ። ለእኔ ስትናገር “እርስዎ” ከአፏ ወርዶ አያውቅም፤ ግን እንደ ሐኪም ማዘዣ ነው የምትለው፣ ቀዝቃዛ። ልጄ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። የሰውን አሳንሰር ሁሉ ሲያወጣና ሲያወርድ ይውልና እቤት ሲመጣ እሱ ራሱ በሁለት ፎቅ መሃል ቀጥ ይላል። ለእሷም “ልክ ነሽ” ይላል፣ ለእኔም “ልክ ነሽ” ይላል። ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንደማንችል የሚያውቀው ሆዱ ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን እጇ ጥሩ ነው። እጅ አውቃለሁ። እሁድ እሁድ መስኮቱ ሥር ወንበር ስባ ትቀመጣለች። የደረቁትን የታች ቅጠሎች በወረንጦ አንድ በአንድ ትለቅማለች። ውሃ ከላይ አታፈስም። ሸክላውን ውሃ ባለበት ዝርግ ሳህን ውስጥ አሥር ደቂቃ ታስቀምጠዋለች፤ ከሥሩ ባለው ቀዳዳ የፈለገውን ያህል ይጠጣል፤ ከዚያ አውጥታ ታንጠፈጥፈዋለች። ከአንዱ ጤነኛ ተክል አንዲት ቅጠል ይዛ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ አድርጋ ታወዛውዝና ሳትቆርስ ከነሥሯ ታወጣታለች። ቅጠሏን ቶሎ አትተክላትም። ቁስሏ እስኪደርቅ ወረቀት ላይ ታቆያታለች። ከዚያ አሸዋ ላይ ታጋድማታለች። ከሁለት ወር በኋላ ከዚያች ቅጠል ጫፍ የጥፍር ያህል የምትሆን ጽጌረዳ ብቅ ትላለች። ሆቴል መጥታልኝ ቢሆን በሁለት ዓመት አንድ ፎቅ በኃላፊነት አስይዛት ነበር። ይህን አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

አንድ ነገር ብቻ አይገባኝም ነበር። ጨርቅ አታስነካቸውም። የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ የምትመስል የላስቲክ ፊኛ አለቻት፤ በእሷ ፉፍ ፉፍ ታደርግባቸውና ትነሳለች። ጎመኖቹ ደግሞ ነጭ ናቸው፤ ዱቄት የተነፋባቸው ነው የሚመስሉት። እሷ ግን በፉፍታ ታልፈዋለች። “ይቺ ንጹሕ ነኝ ባይ” አልኩ በልቤ፣ “ሳህኔን መልሳ ታጥባለች እንጂ የራሷ ነገር የዓመት አቧራ ተሸክሟል።” ይህን ሳስብ ደስ ይለኝ እንደነበር አልክድም።

ነገሩ የፈነዳው ማክሰኞ ነው። አንሶላዬን አጥቤ መስኮቱ ላይ ባለው ገመድ ዘረጋሁት። ምራቴ ከሥራ ስትመጣ ጎመኖቹ ጥላ ውስጥ ውለዋል።

“ፀሐይ ከለከሉብኝ” አለች።

“ፀሐይዋን ከፋርማሲ ነው የገዛሻት?” አልኳት።

“ቅዳሜ ሰው ሊያያቸው ይመጣል! ሁለት ዓመት የደከምኩበት ነው! እርስዎ ሆን ብለው...”

“ሆን ብዬ አንሶላ አጠብኩ፣ አዎ! ሰው አንሶላ ሲያጥብ አይተሽ አታውቂም?”

ልጄ ከሥራ ደርሶ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን እንኳ ከትከሻው ሳያወርድ ሰማን። ያ ዝምተኛ ልጅ ቦርሳውን መሬት ላይ ወረወረው። ቁልፍ መፍቻዎቹ ወለሉ ላይ ተንኮሻኮሹ። “በቃ!” አለ። ወደ እኔ ዞረ። “እማዬ፣ ከዚህ በኋላ አንድ ጠብ፣ አንድ ብቻ ከሰማሁ እህቴ ጋ ትሄጃለሽ። አነጋግሬያታለሁ።”

አነጋግሬያታለሁ ነው ያለው። ልጄን ልጄ ሳይሆን የፎቅ ተቆጣጣሪ ሆኖ አየሁት፤ ተሰብስበው መክረውብኛል። የሴቷ ልጄ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ሦስት ልጆች አሏት፤ ባሏ ቴሌቪዥን ከፍቶ ካላንቀላፋ እንቅልፍ አይወስደውም። የምተኛው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ልብሴን በላስቲክ ጠቅልዬ ከሶፋው ሥር ላስገባ ነው፤ በስልሳ ስምንት ዓመቴ። ምላሴን ነክሼ አንሶላዬን ከገመዱ አወረድኩ። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ አሳቤ አንድ ብቻ ሆነ፤ ከዚያች ክፍል ላለመውጣት።

ቅዳሜ የምትመጣዋ አዲስ የሚከፈቱ ሱቆችን የምታስጌጥ ሴት ናት። ሃያ አራቱንም አይታ፣ ከወደደቻቸው ለአንድ ትልቅ ሱቅ ልትወስዳቸው ነው። ሐሙስ ዕለት ምራቴ በስልክ “መልካቸው እንደዚህ አምሮ አያውቅም” ስትላት ሰማሁ። ሄጄ አየኋቸው። የባሰ ነጭ ሆነዋል። በዚያ ላይ ከሥራ ተመልሳ ወረቀቷን ስትጽፍ፣ ሸክላዋን ስታዞር ነው የምታመሸው፤ አቧራውን ዞር ብላም አላየችው።

አርብ ሁለቱም ሥራ ሄዱ። እኔ መስኮቱ ፊት ቆሜ አሰብኩ። ነገ ሴትየዋ ትመጣለች። ይህን አቧራ ታያለች። ትታቸው ትሄዳለች። ከዚያስ? ከዚያ ምራቴ ዞራ “ቀኑን ሙሉ እቤት የሚውሉት እማማ ናቸው” ትላለች። ልጄ ስልኩን ያነሳል። ሶፋው ታየኝ። ጣቴን ዘረጋሁና የአንዱን ጎመን ቅጠል ጠረግ አደረግኩ። ጣቴ ነጭ ሆኖ ወጣ። ከሥሩ ያለው ቅጠል ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም።

ሌላም ነገር ነበር፤ ልደብቀው አልፈልግም። አመሰግናለሁ ስትል ማየት ፈለግኩ። ያቺ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ተቀርቅራ፣ ልጄ ፊት ቆማ፣ “እማማ፣ አመሰግናለሁ” ብላ ስታበቃ እኔ ደግሞ “ምንም አይደል” ብዬ ወደ ክፍሌ ገብቼ በሬን ስዘጋ ታየኝ።

ወረቀቱን አልቀደድኩትም። እጥፍ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሥራዬን እንደማውቀው ሠራሁ። ነጭ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ፣ ስድስት ቁራጭ። ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ ጠብታ የሳህን ሳሙና። ውሃ ከአናታቸው ሲገባ ምን እንዳደረጋቸው አልረሳሁትምና ጨርቁን ጨምቄ ጨምቄ አንዲት ጠብታ እንዳይኖርበት አደረግኩ። አፈሩ እንዳይርስ ለያንዳንዱ ሸክላ ወረቀት በክብ ቆርጬ እንደ አንገትጌ አለበስኩት። ቅጠል በቅጠል። ከላይ፣ ከሥር፣ ጠርዙን። ከመሃል ያሉት ትንንሾቹ ላይ በጥርስ ማጽጃ እንጨት ጫፍ ጥጥ ጠምጥሜ ገባሁ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ምሳ አልበላሁም፣ አንድም ቅጠል ግን አልሰበርኩም። ስጨርስ ሃያ አራቱም እንደ ተወለወለ የሆቴል መግቢያ ያብለጨልጩ ነበር። ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። አማሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጎመን ማለቱ ነውር መሰለኝ።

ምራቴ በአሥራ አንድ ሰዓት ገባች። ጃኬቷን ግማሽ እንዳወለቀች አንድ እጅጌ ተንጠልጥሎ ቆማ ቀረች። ወደ መስኮቱ ሄደች። አንዱን ሸክላ አነሳች፣ አስቀመጠች። ሌላውን አነሳች። ፊቷ ወረቀት መሰለ። እኔ “አመሰግናለሁ”ዋን እየጠበቅኩ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌያለሁ። ባጠገቤ አልፋ መኝታ ቤቷ ገባችና በሩን ዘጋችው።

ልጄ ሲመጣ እሱም ገባ። ቆይቶ ወጣ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

“እማዬ፣ ለምን?” አለኝ።

“ለምን ማለት? አቧራ ውጧቸው ነበራ!”

“እሷ አቧራ አይደለም ነው የምትለው። የራሳቸው ነው፣ ከውስጥ የሚያወጡት ነው ትላለች። ሆን ብለሽ እንዳበላሸሻቸው ነው የምታስበው።”

“ተክል ዱቄት አወጣ? አንተስ አመንካት?”

“እኔ ምን አውቄ?” አለ፤ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። “ሴትየዋ ነገ ትምጣና እናያለን።”

ሰበብ ፍለጋ ነው አልኩ። ምስጋና ከምትሰጠኝ ተክል ከውስጡ ዱቄት ያወጣል ብላ ባሏን ብታሞኝ ይቀላታል። ነገ የምታውቅ ሰው ትመጣለች፤ ያኔ ማን እንደሚያፍር እናያለን። እንዲህ ብዬ ሳልጨነቅ ተኛሁ።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት አስጌጧ መጣች። ደልደል ያለች፣ ሳቅ የማያጣት፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። በሩ ላይ “እንደምን አደራችሁ” ብላ ሳትጨርስ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ወደቀ።

“ውይ! ምን ሆኑ እነዚህ?”

መነጽሯን አደረገች፤ አንዱን ወደ ብርሃኑ አስጠጋች፤ አሽከረከረችው።

“ማነው የወለወላቸው?” አለች። “ይሄ ነጩ እኮ ቆዳቸው ማለት ነው። እንደ ሰም ያለ ነገር ከውስጥ ያወጡና ይለብሱታል፤ ከፀሐይ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ከተጠረገ በዚያ ቅጠል ላይ ተመልሶ አይመጣም። እዪ፣ ይሄኛው ዛሬ ጠዋት ብቻ ፀሐይ ነክቶት ማረር ጀምሯል።”

ቀረብ ብዬ አየሁ። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጥብ ወጥቷል፤ በጋለ ካውያ የተነካ ጨርቅ መስሏል። የወንበሩን ጀርባ ያዝኩ።

“አይሞቱም” አለች አስጌጧ። “ከመሃል አዲስ ቅጠል ሲያወጡ ነጩን ይዞ ይመጣል። ዓመት፣ ዓመት ከመንፈቅ ቢፈጅ ነው። አሁን ግን አልወስዳቸውም፣ ይቅርታ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ደግ ሰው ነች መሰለኝ፣ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። “እርስዎ ነዎት አይደል እናቴ? አይዞዎት። እናንተም አትፍረዱባቸው፤ ሰው በዚህ ዕድሜው አላወቀም ተብሎ ቂም አይያዝበትም። አቧራ መስሏቸው ነው።”

ልጄ ፊቱ በራ። ከማክሰኞ ጀምሮ እንደዚያ በርቶ አላየሁትም። “አየሽ!” አለ ለሚስቱ፣ “አላልኩሽም? አላወቀችም! እማዬ አላወቀችም ነበር!”

ምራቴ እስከዚያ ሰዓት ዓይኗን ከጎመኖቹ ላይ አላነሳችም ነበር። አሁን ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንቅልፍ አላየም።

“እማማ” አለች፣ “አቧራ መስሎዎት ነው? አዎ፣ አላወቅኩም ነበር ይበሉኝ። እኔም እተወዋለሁ። እውነቴን ነው፣ ሁለተኛ አላነሳብዎትም።”

ሦስቱም ይጠብቁኛል። አንድ ቃል ናት። አላወቅኩም። ክፍሌ እዚያው ናት፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ በሯ ገርበብ ብሎ ይታየኛል።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ሆቴል እያለሁ። ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የነበረውን የትልቁን መስተዋት ወርቅማ ጠርዝ በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችና ወርቁ በጨርቁ ላይ ወጣ። “አቧራ መስሎኝ ነው፣ አላወቅኩም ነበር” እያለች ታለቅስ ነበር። አርባውን ሴት አሰልፌ ፊታቸው አቆምኳት። “አቧራንና አቧራ ያልሆነውን የማትለይ ልጅ በዚህ ቤት ሥራ የላትም” ብዬ ሽርጧን አስፈታኋት። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው እሷን ነበር። እንደ ቀልድ ነበር የምነግራቸው፤ እኔም እስቅ ነበር።

አሁን ይቺ መነጽሯን ያንጠለጠለች ሴት ትከሻዬን እየደባበሰች በዚህ ዕድሜው ትለኛለች። ልጄ አላወቀችም ብሎ ይፈነድቃል፤ እናቱ የማታውቅ ስለሆነች ደስ ብሎታል። በዚህ ዓለም ላይ አውቃለሁ የምለው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ትምህርት የለኝም፣ ቤት የለኝም፣ ባሌም የለም። ቆሻሻ ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ያንን ከሰጠኋቸው ምን ይዤ ነው እዚያ ክፍል የምቆለፈው?

“አውቄ ነው” አልኩ።

“እማዬ!” አለ ልጄ።

“አውቄ ነው አልኩህ። ትናንት አቧራ ነው ያልኩህ ላሞኝህ ነው። አቧራ እንዳልሆነ ገና የመጣሁ ዕለት ነው ያወቅኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት አቧራ ሳይ የኖርኩ ሴት ይሄ ይጠፋኛል? ወረቀት ለጠፈችብኝ፤ ልኳን አሳየኋት።”

አስጌጧ እጇን ከትከሻዬ ላይ አነሳች። የእጅ ቦርሳዋን አጥብቃ ይዛ “እንግዲህ... እንደዋወላለን” ብላ ወጣች፤ ሳቋ የት እንደገባ አላውቅም። ልጄ ቀይ ሆነ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። እንደማያውቀኝ ሰው ለረጅም ጊዜ አየኝ። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ወደ ኮሪደሩ ሄደ። “እህቴ? አዎ። ነገ አመጣታለሁ” ሲል ሰማሁ። የሴቷ ልጄ ድምፅ ባይሰማኝም ስትበሳጭ ታየኝ፤ እሷም እኮ አምጣልኝ ብላ አልጠየቀችም።

እሁድ ጠዋት ዕቃዬን ሰበሰብኩ። ብዙ አይደለም። ስወጥረው የኖርኩትን አንሶላዬን ለመጨረሻ ጊዜ ከፍራሹ ፈትቼ ጫፍ በጫፍ አጠፍኩት። አላለቀስኩም። ማልቀስ ግን ፈልጌ ነበር። ልጄ ሁለቱን ሻንጣ ይዞ ሳያየኝ ወረደ፤ መኪና ሊያስቆም።

ዞር ስል ምራቴ በሩ ላይ ቆማለች። በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ወደ ክፍሌ ደርሳ አታውቅም። አሁንም ደፉን አላለፈችም።

“ዋሽተዋል” አለችኝ።

“ምኑን?”

“አውቄ ነው ያሉትን።” ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር። “እኔን ሊጎዳ የፈለገ ሰው አምስቱን ወደ ውጪ ይገፋቸውና ነፋስ ነው ይላል። እርስዎ ግን ማንም የማያየውን የሥሩን ቅጠል ሳይቀር ጠርገውታል። አፈሩ እንዳይርስ ወረቀት ቆርጠዋል፤ ቁርጥራጮቹን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አገኘኋቸው። አንድ ቅጠል እንኳ አልተሰበረም። እኔ ራሴ እንደዚያ አልችልም። አራት ሰዓት ሳይፈጅብዎ አይቀርም።”

“ስድስት” አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

ከታች የልጄ ድምፅ ይሰማል፤ ከሹፌሩ ጋር ሻንጣ እየጫኑ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ሥራዬን ዓይቶ የገባው ሰው እሷ መሆኗ አንገበገበኝ። ማንም ይሁን፣ እሷ ግን አትሁን ነበር የምለው።

“ልንገረው?” አለች። “አሁን ሮጬ ብነግረው ሻንጣዎን ይዞ ይመለሳል።”

“ምን ብለሽ?”

“አላወቁም ብዬ ነዋ። ሌላ ምን አለ?”

“አንዲት ቃል ትንፍሽ ብትይ” አልኳት፣ “ዕድሜ ልኬን አልምርሽም።”

ተመለከተችኝ። ከዚያ ዓይኗ በትከሻዬ ላይ አልፎ ወደ ክፍሉ መስኮት ሄደ። የጠዋት ፀሐይ እስከ አልጋው ድረስ ገብቷል፤ ጠርዙም ሰፊ ነው። ለጎመኖቿ ስትለካው አየኋት። ከሳሎኑ ይልቅ ለስለስ ያለ ፀሐይ ነው፤ ለተላጠ ቅጠል ደህና ነው። እሷም ማየቴን አየች፤ አልደበቀችም።

“እሺ፣ እማማ” አለችኝ።

በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያዘዝኳትን አንድም ነገር ፈጽማልኝ አታውቅም ነበር። ያቺን ግን እስከ ዛሬ ፈጽማታለች።